የድሮ ዲጂታል ኤኮ ማሽን እንዴት ይጠገናል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠርግ በሚያጅቡ ባንዶች ዕቃ ቤት አንድ «ሞተ» የተባለ የኤኮ ማሽን አይጠፋም። ያማሃ ኤስፒኤክስ 90 ወይም አሌሲስ ሚዲቨርብ ይሆናል፤ ሁለቱም የፈረንጆቹ 1980ዎቹ ሥራ ናቸው። ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ዋናውን ቺፕ ነው። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ጥፋቱ መብራት የሚገባበት፣ ባትሪው ወይም ጃኩ ጋ ነው። ከዚያ ጀምሩ።

መጀመሪያ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ አንብቡ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ነው። የኛ ሶኬት 220 ስለሆነ መሃል ላይ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ሚዲቨርብ ደግሞ የራሱ አመል አለው፤ አዳፕተሩ 9 ቮልት ኤሲ ነው። የዲሲ አዳፕተር ሰክቶ «አይሠራም» ማለት የተለመደ ነው። ፊውዝ ከተቃጠለ በዚያው አምፒር ተኩት። ሽቦ ጠምጥሞ ማለፍ የለመደብን ነገር ቢሆንም እዚህ ትራንስፎርመሩን ያስበላችኋል።

ቀጥሎ ከሶኬት ንቀሉት፣ ትንሽ ጠብቁና በካቻቢቴ ክፈቱት። ጭንቅላታቸው ያበጠ ወይም ከሥራቸው የረጠበ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ሲሊንደሮች) ካሉ ቀይሩ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አታምታቱ። ከዚያ 7805 የሚለውን፣ ቮልቴጁን 5 ላይ የሚያቆመውን ባለ ሦስት እግር ፈልጉ። ማሽኑን አብሩና የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን ሦስተኛው እግር ላይ አድርጉ። ወደ 5 ቮልት ማሳየት አለበት። ከ4.75 ከወረደ ስክሪኑ ቢያብድ አይግረማችሁ። በበራ ዕቃ ላይ መሥራት ካልለመዳችሁ ይህችን ለኤሌክትሪሺያን ተዉለት።

ባትሪው ብዙ ሰው የሚያደናግር ነው። ኤስፒኤክስ 90 ውስጥ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ሲያልቅ የሚጠፉት እናንተ ያስቀመጣችኋቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ፋብሪካው የሠራቸው 30ዎቹ ግን አይነኩም። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት የራሳችሁን ቅንብር አንድ በአንድ እያወጣችሁ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱ። አዲሱን ባትሪ በቀጥታ አትበይዱት፤ ሙቀቱ ሊያፈነዳው ይችላል። የባትሪ ማቀፊያ በይዱና ባትሪውን እዚያ ውስጥ አስገቡት። በሚቀጥለው ጊዜ መበየጃ አያስፈልጋችሁም።

አንዳንድ ቺፕ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። አትላጡት! ከሥሩ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለ፤ የፀሐይ ብርሃን ከቆየበት የተጻፈበትን ፕሮግራም ይደመስሰዋል።

አሁን ማይክ ሰክታችሁ ባይፓስ ተጫኑ፤ ይህ ድምፁን ያለ ኤኮ የሚያሳልፈው ነው። ባይፓስ ላይም ድምፅ ከሌለ ጃኮቹን በኮንታክት ክሊነር እጠቡ፤ የተሰነጠቀ ብየዳ ካለም ድገሙት። ባይፓስ ላይ ጥርት ያለ ድምፅ እየመጣ ኤኮው ብቻ ከጠፋ ጥፋቱ ዲጂታሉ በኩል ነው። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍታችሁ ሶኬት ላይ የተቀመጡትን ቺፖች ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን አድርጓቸው። ይህ ካልረዳ ለባለሙያ ስጡት።

ስለ ብርዱም ላንሳ። በጥር ውርጭ ውጭ ያደረ ማሽን የሞቀ ድንኳን ሲገባ ውስጡ ያልበዋል። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትወርዱም ያው ነው። ሳትከፍቱት እስኪሞቅ ጠብቁና ከዚያ አብሩ።

በመጨረሻ ክዳኑን ገጥማችሁ አንድ ሁለት ሰዓት አሠሩት። ሲሞቅ ድምፁ ከተቆራረጠ 7805 ሙቀቱን ከሚያበርድለት ብረት ጋር የተያያዘበት ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ ይሆናል። ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡት።