እንግሊዝ ሀገር መኪና በውክልና አይሸጥም

ትናንት ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣሁ የጎረቤታችን ልጅ ከበርሚንግሃም ደወለ። ከሄደ ገና ዓመት አልሞላውም። «ጋሼ፣ ሥራ ያገኘሁት ሌላ ከተማ ነው፣ ያሪሷን ልሸጣት ነው። እዚህ ደላላ የለም እንዴ?» አለኝ። እንደኛ አገር ያለ የለም። ያሪስ የሚላት እኛ ጅማ ቪትዝ የምንላትን ነው። አሮጌ፣ ትንሽ፣ ማንዋል ካምቢዮ። እኔም እዚያ ስኖር እንዲህ ያለች መኪና ሸጬ ጣጣዋን አይቻለሁ፤ ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ ስም ማዞር። እኛ ጋ መኪና በውክልና ተሽጦ ሊብሬው በድሮው ባለቤት ስም ዓመታት ሲቆይ ብርቅ አይደለም። እዚያ እንዳታደርጉት። እኔ ለአንድ የሀገር ልጅ ሸጥኩ፣ «ሰሞኑን አዞረዋለሁ» ሲለኝ አምኜው ተውኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የፓርኪንግ ቅጣት በስሜ መጣ፣ ቀጥሎ የፍጥነት። መኪናዋ የት እንዳለች እንኳን አላውቅም፣ ፖስታው ግን በሬ ሥር ይወድቃል። መሸጡን ለዲቪኤልኤ (መኪናና መንጃ ፈቃድ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት) የማሳወቅ ግዴታ የሻጩ ነው፤ ካላሳወቀ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

ማሳወቁ ራሱ የደቂቃ ሥራ ነው። ቪ5ሲ የሚባለው የመኪናዋ መመዝገቢያ ወረቀት ላይ 11 አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። ገንዘቡ አካውንታችሁ ውስጥ መግባቱን በራሳችሁ ስልክ እዩ (ገዢው የሚያሳያችሁን ስክሪን አትመኑ)፣ ከዚያ ሰውዬው አጠገባችሁ ቆሞ ሳለ መሸጡን በዚያ ቁጥር በዲቪኤልኤ ድረ ገጽ ሙሉና የቪ5ሲውን አረንጓዴ ቁራጭ ቀዳችሁ ስጡት። ቪ5ሲ ሊብሬ ይምሰል እንጂ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፣ ይህም እዚያው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ቀን፣ ዋጋ፣ ታርጋ፣ የሁለታችሁ ስምና አድራሻ ያለበት ደረሰኝ በሁለት ቅጂ ተፈራረሙ።

ዋጋ ለማወቅ በዓመተ ምርትና በማይል የሚመሳሰሉትን መኪናዎች ማስታወቂያ አይታችሁ ትንሽ ዝቅ በሉ።

ያለባትን ጉድለት ግን አትደብቁ። ታርጋዋን ያወቀ ሁሉ የኤምኦቲ (የዓመታዊ ምርመራ) ታሪኳን በነጻ ያያል፤ በየዓመቱ ስንት ማይል ላይ እንደነበረች፣ በምን እንደወደቀች፣ ምን ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈባት። ማንዋል ላይ ደግሞ ገዢው መጀመሪያ የሚፈትሸው ፍሪሲዮን ነው። የልጁን መኪና በስልክ አስነዳሁት። አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትፈጥንም፤ ፔዳሉም የሚይዘው መጨረሻ ላይ፣ እግሩ ሊለቀው ሲል ነው። ፍሪሲዮኑ አልቋል ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ ጻፈው፣ ዋጋውንም ቀንስ አልኩት። ትንሽ ቅር አለው፣ ግን ገዢ ጠይቆት ደህና ነው ብሎ ቢሸጣት ሰውዬው ገንዘቤን መልስ ብሎ ሊከሰው ይችላል። ደግሞም እንዲህ ያለች መኪና የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ገና መንጃ ፈቃድ ያገኘ ልጅ ነው፣ ያጠራቀማትን ይዞ የሚመጣ። እሱን ማታለል ነውር ነው።

ሁለት ሆነው ከመጡ ዓይናችሁን ከሞተሩ አትንቀሉ። አንዱ ወረቀት አሳየኝ እያለ ሲያዋራችሁ ሌላው የራዲያተሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ዘይት ጠብ ያደርግና «ሞተሩ ተበላሽቷል» ብለው በግማሽ ዋጋ ሊወስዷት ይሞክራሉ። የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ገዢው ለሙከራ ሲነዳ ኢንሹራንሱ ይህችን መኪና እንደሚሸፍን ጠይቁ፣ መንጃ ፈቃዱንም እዩ፤ አውቶማቲክ ብቻ የሚል ከሆነ ማንዋል መንዳት አይችልም። ወንበር ስትቀያየሩ ቁልፉን ከእጃችሁ አትልቀቁ።

የመንገድ ታክሱ ለገዢው አይተላለፍም፤ እሱ ሳይከፍል መንዳት የለበትም። ለእናንተ ግን የቀሩት ሙሉ ወራት ይመለሱላችኋል፣ ማመልከት አያስፈልግም። ቼኩ የሚላከው ዲቪኤልኤ ዘንድ ባለው አድራሻችሁ ነው። ልጁ ደግሞ ከቤት ሊለቅ ነው፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት አድራሻህን አስተካክል ብዬዋለሁ። ኢንሹራንሱን ግን መኪናዋ ከበራችሁ ሳትወጣ አታቋርጡ።