ውሃው አልጠራ ሲል፤ ከጀሪካን እስከ ጀበና

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎጃም ውስጥ ያልደፈረሰ ወንዝ ማግኘት ከባድ ነው። ጨሞጋም፣ ተምጫም፣ ግልገል ዓባይም አፈር ተሸክመው ነው የሚወርዱት። ቧንቧ የጠፋበት ሰው ከዚያው ይቀዳል፣ ጀሪካኑን ጥግ ያስቀምጣል፣ ይጠብቃል። አንዱ በሰዓት ይጠራለታል። ሌላው በማግስቱም ያው ነው። ዝም ብሎ ከመጠበቅ ለምን እንደማይዘቅጥ ማወቅ ይሻላል።

መጀመሪያ አንድ ሙከራ። ውሃውን በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙሉ፣ ነቅንቁና ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ሰዓት ያዙ። 20 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ደቃቅ አሸዋ (0.1 ሚሊ ሜትር) ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ስፋቱ 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነ ደለል 40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። 0.001 ሚሊ ሜትር የሆነው የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ሁለት ቀን ተኩል ይፈጅበታል። ቅንጣቱ በ10 እጥፍ ሲያንስ ፍጥነቱ በ100 እጥፍ ይቀንሳል። ይህ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ካወጣው ቀመር የሚገኝ ነው። ሒሳቡ ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ በ10 ዲግሪ መዝቀጡ በሩብ ያህል ይዘገያል። የጮቄ ተራራ አካባቢ ሰው እንግዲህ ትንሽ ይታገስ።

ከታች ዝቃጭ አለ፣ ከላይ ግን ውሃው እንደደፈረሰ ቀረ

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። አሸዋውና ደለሉ ወርዷል፣ የሸክላ አፈሩ ቀርቷል። ደቃቅነቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። እነዚህ ቅንጣቶች ላያቸው ላይ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ተያይዘው አይከብዱም። በቢቸናና በደጀን በኩል ያለው ዋልካ በዚህ የታወቀ ነው። ቀይ አፈር የቀላቀለ ውሃ ለዓይን ቢያስፈራም ብረቱ ቅንጣቶቹን ስለሚያያይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይወርዳል።

መፍትሄው ግፊያውን ማጥፋት ነው። የከተማ ውሃ ማጣሪያዎች ለዚህ አሉም የሚባል የአሉሚኒየም ጨው ይጠቀማሉ፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 50 ሚሊ ግራም። ለቤት የሚሆነው ግን ለዚሁ ተብሎ በፓኬት የሚመጣው የውሃ ማጣሪያ ዱቄት ነው። መጠኑ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፤ በግምት አትጨምሩ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጠን አድርጎ ማማሰል፣ ከዚያ ለአስር ደቂቃ ቀስ እያሉ ማማሰል። በደንብ ካያችሁት ደመና የመሰለው ነገር መጀመሪያ ነጠብጣብ ይሆናል። ከዚያ ጤፍ የሚያክሉ ብናኞች ይታያሉ። እነሱ እየተጠላለፉ ሲያድጉ ማማሰሉን አቁሙ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከታች ይተኛሉ።

ሽፈራው ያለበት ቆላ ከሆናችሁ የደረቀው ፍሬ ተልጦ፣ ተወቅጦ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ግን ውሃውን አታሳድሩት፤ ከፍሬው የሚቀረው ነገር ሽታ ያመጣል።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ይሰመርበት። የጠራ ውሃ ጀርም የለውም ማለት አይደለም። ከጠራ በኋላ ይፈላ፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ይግባበት። ክሎሪንን ድፍርስ ላይ መጨመር ብክነት ነው። ቆሻሻው ይበላዋል።

አሉሙን ጨመርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም

ወይ አንሷል ወይ በዝቷል። ሲበዛ ቅንጣቶቹ ሙላቸው ይገለበጥና በአዎንታዊው በኩል እንደገና መገፋፋት ይጀምራሉ። ሰው ግን አልሠራም ብሎ ይደግማል፣ ነገሩ ይብሳል። በአንድ ጀሪካን ላይ ከመወራረድ በሦስት አራት ብርጭቆ የተለያየ መጠን መሞከር ነው (የፓኬቱ ዱቄት ግን እንደተጻፈው ብቻ)። ሌላው ምክንያት የዝናብ ውሃ ነው። አሉም ውሃውን ያኮመጥጠዋል፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ ያንን የሚቋቋምበት ማዕድን የለውም። ከምንጭ ውሃ ጋር ቀላቅሉት። ብናኙ ከተሠራ በኋላ በኃይል ካማሰላችሁትም ይሰባበራል።

ጠርቶ ነበር፣ ስቀዳው ደፈረሰ

ጀሪካኑን አንስታችሁ ስለገለበጣችሁት ነዋ። ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡትና በቀጭን ጎማ ከላይ ከላይ ሳቡ። በርሜል ከሆነ ቧንቧው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይበሳ። ፀሐይ በአንድ ጎኑ ሲመታውም ውሃው ውስጥ ለውስጥ ይዞራል፤ ጥላ ይሻላል።

ቡናው አልሰክን አለ

በጣም ደቅቆ የተወቀጠ ቡና ይዘገያል፤ ምክንያቱ ከላይ ያለው ነው። ግን አንዳንዴ ጥፋቱ የአቀማመጥ ነው። ጀበናው ከእሳት ሲወርድ ማቶቱ ላይ ዘንበል ይበል። እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ፊዚክስ አልጠየቁም። ቦይኮት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920 ደም በዘነበለ ቱቦ ውስጥ ቶሎ እንደሚዘቅጥ ጻፈ። ቅንጣቱ እስከ ታች መውረድ አይጠበቅበትም፤ የዘነበለው ግድግዳ አጠገቡ ነው። እዚያ አርፎ ይንሸራተታል፣ የጠራው በላይኛው ጎን ይወጣል። ጭቃ የበዛበትን ጀሪካንም ግድግዳ አስደግፋችሁ ሞክሩት። ስታቃኑት ግን ቀስ በሉ።

ጠላው እንደደፈረሰ ነው

ገና እየፈላ ነው። አረፋው እርሾውን እየያዘ ወደ ላይ ያወጣዋል። ጋኑን አትነካኩት።

ሲቀዳ ኩልል ያለ፣ ሲያድር ቀይ ዝቃጭ

ይህ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ አፈርም አይደለም። ከመሬት በታች ሟምቶ የቆየ ብረት አየር ሲያገኝ ዝገት ይሆናል። ልብስና ሩዝ ላይ ምልክቱ ይታያል። ከባልዲ ወደ ባልዲ ከፍ አድርጎ ደጋግሞ መገልበጥ፣ አሳድሮ በአሸዋ ማጣራት ብዙውን ያስወግዳል። ዝቃጩ ጥቁር ከሆነ ግን ማንጋኒዝ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በአየር ብቻ ቶሎ አይወጣም። ናሙና ይዞ ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው።