ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ገመዱን እዩ

«የራሴ የምለው አለባበስ የለኝም» የምትሉ፣ አዲስ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ልብስ አጥባችሁ ባሰጣችሁ ቁጥር ገመዱን በስልክ ፎቶ አንሱት። አራት አምስት ጊዜ ካጠባችሁ በኋላ ፎቶዎቹን አንድ ላይ እዩ።

ቁም ሳጥን የሚያሳየው የገዛችሁትን ነው፤ ገመድ ግን የለበሳችሁትን ያሳያል። እኔ ደማቅ ቀለም የምወድ ይመስለኝ ነበር። ቀይና ቢጫ ሸሚዝ ሞልቶኛል። ፎቶው ላይ የተገኘው ግን ሦስቴም ያው ክርኑ የሳሳ አረንጓዴ ሹራብ ነው፣ ከቡናማ ሱሪ ጋር። የራስ ስታይል ማለት ለየት ማለት ነው ይባላል፤ ለየት ያለው ሸሚዜ ግን አንዴም አልታጠበም! አሁን ሰልባጅ ስገዛ ፎቶውን አወጣለሁ፤ ከሹራቡ ጋር የማይሄደውን እተወዋለሁ።

ክረምት ላይ ግን አትሞክሩት። ፀሐይ ሲጠፋ የምንለብሰው የደረቀውን ነዋ። ደግሞ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ጃኬትና ጋቢ ሁሌ ይለበሳሉ እንጂ ቶሎ ቶሎ አይታጠቡም። ገመድ ላይ ባይወጡም ቁጠሯቸው። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ለሥራ የምትመላለሱ ደግሞ የደጋውንና የቆላውን ልብስ ለየብቻ እዩ፤ አንድ ላይ ከሆነ ይምታታባችኋል።