በጎንደር በጋ የመዋኛ ገንዳን ውሃ ከትነት ለመጠበቅ

በጎንደር ክረምቱ አልፎ መስከረም ከጠባ በኋላ የሚመጣው ረጅም በጋ ለመዋኛ ገንዳ ባለቤቶች የውሃ ወጪ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናቡ ይርቃል፣ አየሩ ይደርቃል፤ በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። የከተማው ነዋሪ የቧንቧ ውሃ በተራ የሚጠብቀውና ጀሪካን ይዞ የሚንከራተተውም በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ በሆቴል ወይም በእንግዳ ማረፊያ ግቢ ያለ ገንዳ የጎደለው በየጊዜው በቧንቧ ወይም በቦቴ ውሃ እየተሞላ የሚኖር ከሆነ፣ ነገሩ ከባለቤቱ ኪስ አልፎ ጎረቤትንም የሚነካ ይሆናል። ደግነቱ፣ በትነት የሚጠፋውን ውሃ አብዛኛውን ክፍል በቀላል ዘዴ ማስቀረት ይቻላል።

ብዙ ሰው ውሃውን የምትወስደው ፀሐይ ብቻ እንደሆነች ያስባል። በእርግጥ ፀሐይ ውሃውን ታሞቀዋለች፣ የሞቀ ውሃም ቶሎ ይተናል፤ ነገር ግን የትነቱን መጠን የሚወስኑት የውሃው ሙቀት፣ የአየሩ ድርቀት፣ በውሃው ላይ የሚነፍሰው ነፋስና ለአየር የተጋለጠው የገንዳ ስፋት በአንድነት ናቸው። የገንዳው ጥልቀት በዚህ ውስጥ ድርሻው ትንሽ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ይህም ትነቱን በመጠኑ ያፋጥነዋል። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ትነት በሌሊትም የማይቆም መሆኑ ነው። ቀን ሲሞቅ የዋለ ውሃ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከሚበርደው አየር ይልቅ ሞቃት ሆኖ ስለሚያድር፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ገንዳው ውሃውንም ሙቀቱንም ሲለቅ ያድራል።

የሚጠፋውን ውሃ ማስላት ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ስፋት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት ልክ 1 ሊትር ነው። 10 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ወርድ ያለው ገንዳ 50 ካሬ ሜትር ስፋት ስላለው፣ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተንበት 250 ሊትር፣ በ30 ቀን ደግሞ 7,500 ሊትር ይጎድልበታል። ከዚህም ጋር ሙቀት አብሮ ይሄዳል፤ 1 ሊትር ውሃ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይወጣል። የዚያው ገንዳ አማካይ ጥልቀት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ ሌላ ሙቀት ካላገኘ በስተቀር የአንድ ቀኑ ትነት ብቻ ውሃውን 2 ዲግሪ ያህል ያቀዘቅዘዋል። ገንዳውን በኤሌክትሪክ ወይም በሶላር የሚያሞቅ ሰው፣ ትነትን ሲቀንስ የማሞቂያውን ወጪም አብሮ እየቀነሰ ነው።

ወደ መፍትሔው ከመግባት አስቀድሞ ውሃው በእርግጥ እየተነነ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል፤ ገንዳው የሚያፈስ ከሆነ የትኛውም ሽፋን አያድነውምና። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባልዲና የማይለቅ እስክሪብቶ ብቻ ነው። ባልዲውን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ሞልተው ገንዳው ውስጥ ባለው መወጣጫ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያስቀምጡት፤ አፉ ከገንዳው ውሃ ከፍ ብሎ፣ በውስጡና በውጭው ያለው ውሃ ግን በተቻለ መጠን እኩል ሆኖ እንዲታይ ያድርጉ። እንዳይንሳፈፍ አንድ ንጹሕ ድንጋይ ከውስጡ ቢገባበት አይጎዳም። ከዚያ በባልዲው ውስጠኛ ጎን በባልዲው ውሃ ልክ፣ በውጭኛው ጎን በገንዳው ውሃ ልክ ምልክት ያድርጉ። ማንም ሳይዋኝ፣ ውሃ ሳይጨመርና ሽፋን ሳይደረግ 24 ሰዓት ይቆይ። ሁለቱም እኩል ከጎደሉ የጎደለው በትነት ነው። የገንዳው ከባልዲው በልጦ ከወረደ ግን ልዩነቱ የሚፈስ ውሃ ነው። ፈተናውን አንድ ጊዜ ፓምፑ እየሠራ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ፓምፑ ጠፍቶ ቢደግሙት ይጠቅማል፤ ፓምፑ ሲሠራ ጉድለቱ የሚብስ ከሆነ ቀዳዳውን መጀመሪያ ውሃ ወደ ገንዳው በሚመልሰው ቧንቧ ላይ መፈለግ ነው። በዚህ መንገድ የተገኘው የባልዲው ጉድለት በሚሊ ሜትር ተለክቶ በደብተር ቢሰፍር፣ ኋላ የሚወሰዱት እርምጃዎች ምን ያህል እንደረዱ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ሽፋን ነው። ውሃውን ከዳር እስከ ዳር የሚነካ ሽፋን በተዘረጋበት ሰዓት ሁሉ ትነቱን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። በብዛት የሚሠራበት በአንድ ጎኑ በአየር የተሞሉ እብጠቶች ያሉት ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ሽፋን ሲሆን፣ የሚነጠፈው እብጠቶቹ ወደ ውሃው ዞረው ነው። እሱ ካልተገኘ ለአትክልት ማሳደጊያ ቤት የሚውለው፣ ፀሐይ የሚቋቋም ወፍራም ላስቲክም ያገለግላል። ስስ የሆነው ተራ ላስቲክ ግን በፀሐይ ተሰባብሮ ቁርጥራጩ ማጣሪያውን ስለሚደፍን እኔ አልመክረውም። ሲገዙ የገንዳውን ልክ ይዘው ይሂዱ፤ የሚቆርጡት ግን ሽፋኑ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ከተኛ በኋላ፣ የገንዳውን ቅርጽ ተከትለው መሆን አለበት። በዳርና በዳር ጥቂት ክፍተት እንኳ ቢቀር ነፋስ በዚያ ገብቶ ሽፋኑን ይገለብጠዋል። ዳሩን በድንጋይ መጫን የተለመደ ቢሆንም ድንጋዩ ላስቲኩን ይቀድደዋል፣ ገንዳው ውስጥም ይወድቃል፤ ይልቅ ጫፉን በረጅም የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ጠቅልሎ ማሰር ይሻላል። ቧንቧው መጠቅለያም ስለሚሆን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው በጥቂት ደቂቃ ሊያነሡት ወይም ሊዘረጉት ይችላሉ። ጠዋት ሲያነሡት በሥሩ የተንጠለጠለው ነጠብጣብ ሁሉ ወደ ገንዳው ይመለስ ዘንድ ከአንድ ጫፍ በዝግታ መጠቅለል ነው።

ሽፋኑ በየቀኑ የማይነጠፍ ከሆነ ጥቅሙ ስለሚቀር፣ ሥራው ለአንድ ሰው በኃላፊነት ይሰጥ፤ የመጨረሻው ዋናተኛ ከወጣ በኋላ ወዲያው ይነጠፍ፣ እንግዳ በማይኖርባቸው ቀናትም ቀኑን ሙሉ ይዋል። ክሎሪን በብዛት በተጨመረ ዕለት ግን መጠኑ ወደ ቦታው እስኪመለስ ሽፋኑ መነሣት አለበት፤ አለበለዚያ የሚወጣው ጋዝ ላስቲኩን ያበላሸዋል። በመደበኛ ቀን ደግሞ የተሸፈነ ገንዳ ክሎሪኑ በፀሐይ ቶሎ ስለማይጠፋ ከቀድሞው ያነሰ ይበቃዋል፤ ስለዚህ መጠኑን ሳይለኩ በልማድ መጨመር ተገቢ አይደለም። የተጠቀለለው ሽፋን ፀሐይ ላይ ሲውል ድርብርቡ ከልክ በላይ ግሎ ስለሚጎዳ፣ ነጣ ያለ ጨርቅ ጣል ይደረግበት።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ተንሳፋፊ ሽፋን ሰው አይሸከምም። ሕፃን ቢረግጠው አብሮት ይሰምጣል፤ ላስቲኩም ከላይ ስለሚዘጋበት ከዳር ያለ ሰው ላያየው ይችላል። ሽፋኑ ግማሽ ተነሥቶ ግማሹ ተዘርግቶ ሳለ ማንም ወደ ውሃው እንዳይገባ መከልከል፣ ገንዳውንም በአጥርና በሚቆለፍ በር መጠበቅ ግዴታ ነው።

ገንዳው ለዋና ክፍት በሆነበት ሰዓት የሚረዳው ነፋስን መቀነስ ነው። በውሃው ላይ የሚያርፈው እርጥብ አየር ባለበት ቢቆይ ተጨማሪ ትነትን ይገታል፤ ነፋስ ግን እሱን ጠርጎ ወስዶ ደረቁን አየር በቦታው ይተካል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ በእንጨት ላይ አስሮ ከውሃው በጥቂት ከፍታ በገንዳው ዳር መትከልና በተለይ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደሚውለበለብ መመልከት ይበቃል። መከላከያው የሚሠራው በዚያ አቅጣጫ ነው። ድፍን ግንብ ነፋሱን አዝልሎ ወዲያው ከጀርባው ስለሚያወርደው፣ በመጠኑ አየር የሚያሳልፍ የቀርከሃ ወይም የእንጨት አጥር፣ አለዚያም ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድግ የጽድ አጥር ይመረጣል። ዛፍ የሚተክል ሰው ግን ከገንዳው ይራቅ። የዛፍ ሥር በግንብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ ወደ ፋሲል መዋኛ ሄዶ፣ በቅጥሩ ላይ ተጠማዝዘው ድንጋዩን አቅፈው የያዙትን ሥሮች ይመልከት። ባሕር ዛፍም ውሃ ፈላጊ ስለሆነ፣ ቅጠሉም ማጣሪያ ስለሚሞላ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በውሃው ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ንብርብር እየሠራ ትነትን የሚቀንስ ፈሳሽም አለ። ከላስቲክ ሽፋን ያነሰ ይረዳል፣ ነፋስ ይበትነዋል፣ በየጊዜውም መጨመር ይፈልጋል፤ ሽፋን ለማንጠፍ በማይመች ቅርጽ ለተሠራ ገንዳ ግን ከምንም ይሻላል።

ለጌጥ የሚሠራ ፏፏቴና ወደ ላይ የሚረጭ ውሃ ውሃውን በትንንሽ ጠብታ እየበተነ ለአየር የሚጋለጠውን ስፋት ስለሚያበዛ፣ እንግዳ በሌለበት ሰዓት መዘጋት አለበት። ገንዳውን የሚያሞቁ ከሆነም ሙቀቱን 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ትነቱን ይቀንሳል።

ማጣሪያውን በተቃራኒ ፍሰት ማጠብ ከትነት ባይቆጠርም በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ሊትር ይወስዳል። የአሸዋ ማጣሪያ መታጠብ ያለበት ዕለቱ ስለደረሰ ሳይሆን፣ የግፊት መለኪያው ንጹሕ ከነበረበት ንባብ 0.5 ባር ያህል ሲጨምር ነው። የሚተነው ውሃ ጨውና ኖራውን ገንዳው ውስጥ ትቶ ስለሚሄድ፣ የጎደለውን ደጋግሞ በቧንቧ ውሃ መሙላት የቀረውን ውሃ እያከበደው ይሄዳል፤ በገንዳው ጠርዝ ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የዚህ ምልክት ነው። ለመሙያ የዝናብ ውሃ የሚሻለውም ጨው ስለሌለበት ነው። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል እስከ 10,000 ሊትር ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በጎንደር ከዚህ የሚበልጥ ዝናብ ያመጣሉ። ስለዚህ አሸንዳውን ከሰኔ በፊት ጠርጎ ማዘጋጀት፣ የጣሪያውን አቧራ ይዞ የሚወርደውን የመጀመሪያ ዝናብ ወደ ውጭ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ክዳን ባለው ሮቶ አጠራቅሞ ለበጋው ማቆየት ይገባል። ሮቶው ካልተከደነ በውስጡ ያለውም ውሃ ይተናል፣ ወባ ትንኝም ይራባበታል።