ሕመምዎን ለነርስ ሲነግሩ
ደሴ ላይ ነርስ ነኝ። «አመመኝ» ብቻ የሚለኝን አልለቅም፤ «እንዴት ነው የሚያምዎት?» እላለሁ።

ከጦሳ ተራራ ሲወርዱ ቅልጥምዎ ድንጋይ መታው እንበል። መጀመሪያ የሚወጋው ሕመም በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛል፤ ጠዝጣዡ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ኋላ ይደርሳል። ካልቆሰለና ካልተሰበረ ዙሪያውን ይሹት፤ የመዳሰስ ስሜቱ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመሙን መልእክት ያዳክማል። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል ይህን በ1965 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፤ እናቶቻችን ግን እነሱን አልጠበቁም።

የሚያቃጥልና የሚነዝር ከሆነ ነርቩ ራሱ ተጎድቶ ይሆናል። ስኳር ካለብዎት ይህን አይደብቁን።

ደረትዎን ተጭኖ ወደ ግራ ክንድ ከሄደ ግን «አብሽር» ተባብሎ ቡናው እስኪፈላ መጠበቅ የለም። የልብና የክንድ ነርቮች ሕብለ ሰረሰር ላይ ስለሚገናኙ አንጎል ምንጩን ያምታታል። ወዲያው ሐኪም ቤት!