ቬትናምን ከሀኖይ እስከ ሳይጎን፦ በባቡር እየሄዱ፣ በየከተማው እየበሉ

ቬትናም ቀጭንና ረጅም አገር ናት። ከሀኖይ ተነሥቶ ሆ ቺ ሚን ከተማ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ 1,726 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የደቡቧን ከተማ ብዙ ሰው ዛሬም በቀድሞ ስሟ ሳይጎን ይላታል። በሐዲዱ ዳር ያለ ትልቅ ከተማ ሁሉ የሚኮራበት የራሱ ምግብ ስላለው፣ የጉዞውን ዕቅድ በምግቡ ቅደም ተከተል እንዲያወጡ እመክራለሁ።

1. ጊዜውን ይቁረጡ

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው ወቅት ለመላው አገሪቱ ይስማማል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መካከለኛው ክፍል በዝናብና በጎርፍ ይቸገራል። ቴት የሚባለው አዲስ ዓመታቸው በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ይውላል፤ በዚያ ሰሞን ባቡሩ ይሞላል፣ ምግብ ቤቱም ይዘጋል። ቪዛው በኢንተርኔት የሚጠየቅ ሲሆን እስከ 90 ቀን ያስቆያል።

2. አምስት ቃላት ይያዙ

ከሁሉም ይበልጥ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ይህን ነው። በቬትናም የአሳማ ሥጋ የዕለት ምግብ ስለሆነ፣ የማይበላ ሰው ስሙን ለይቶ ማወቅ አለበት፦ በሰሜን “ቲት ሎን”፣ በደቡብ “ቲት ሄው” ይባላል። “ቦ” የበሬ ሥጋ፣ “ጋ” ዶሮ፣ “ካ” ዓሣ ነው። ይሁን እንጂ ስም ብቻውን አይበቃም። የሁዌ ከተማ ዝነኛ ሾርባ “ቡን ቦ” እየተባለ፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ እግር ይገባበታል። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ። ቋንቋቸው በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉሙ ስለሚለወጥ፣ ቃሉን በስልክዎ ላይ አስጽፈው ቢያሳዩ ይሻላል።

አምስተኛው ቃል “ቻይ” ነው፤ ከሥጋና ከዓሣ የጸዳ የቡድሂስቶች ምግብ ማለት ነው። ጥሩው የጉዞ ወቅት ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ ለጾመኛ ይህ ቃል ሀብት ነው። “ሥጋ የለበትም” የተባለ ጎመን ከዓሣና ከጨው በሚብላላው ኑክ ማም ተቀምሞ ሊቀርብ ይችላል። “ቻይ” የሚል ምልክት የሰቀለ ቤት ግን በዓሣ ፋንታ የአኩሪ አተር ስጎ ይጠቀማል። ዕንቁላልና ወተት የሚጨምሩ ስላሉ እሱን ለብቻው ይጠይቁ።

3. ከሀኖይ ይጀምሩ

በማለዳ ተነሥተው ፎ ይብሉ፤ ለሀኖይ ሰው ፎ ከምንም በላይ የቁርስ ምግብ ነው። የበሬ አጥንት ከተጠበሰ ዝንጅብልና ከቀረፋ ጋር ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ መረቁ ጠርቶ ይወጣል፤ ከዚያ ከሩዝ በተሠራ ጠፍጣፋ ፓስታ ላይ ይፈስሳል። አንድ ምግብ ብቻ የሚሸጥበትን፣ ዝቅተኛ በርጩማዎቹ በአካባቢው ሰው የተሞሉበትን ቤት ይምረጡ። ገበያ ያለው ቤት ምግብ አያሳድርም፣ የሚፈላ መረቅም ለሆድ አያሰጋም። ማታ ቻ ካ ይሞክሩ፦ በእርድ የተለወሰ ዓሣ፣ እንስላልን ከሚመስል ቅጠል ጋር ገበታው ላይ ይጠበሳል። ሽታው ለእኛ አፍንጫ እንግዳ አይደለም።

ሲከፍሉ ገንዘቡን ይለዩ፤ የ20,000 እና የ500,000 ዶንግ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው።

4. በሌሊት ባቡር ወደ ሁዌ

አልጋ ያለው ክፍል ይያዙ፤ ጉዞው ዐሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 የንጉየን ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ፓጎዳዎቿ ብዙ ስለሆኑ የቻይ ምግቧም የታወቀ ነው፤ ጾመኛ ከሆኑ እዚህ አንድ ቀን ይጨምሩ።

ከሁዌ ወደ ዳናንግ ሲሄዱ በግራ በኩል ይቀመጡ። ባቡሩ የሀይ ቫንን ተራራ እየታከከ ከባሕሩ በላይ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ስልክዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ። ሆይ አን ባቡር ጣቢያ ስለሌላት ከዳናንግ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይሂዱ። ካው ላው የሚሉት የከተማዋ ዝነኛ ምግብ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ ለማይበላ ግን “ኮም ጋ” የሚሉት የዶሮ ሩዝ ያንኑ ያህል የከተማዋ ኩራት ነው።

5. ሳይጎን ላይ ፎን እንደገና ይብሉ

ቡናቸው በአብዛኛው ሮቡስታ ነው፤ ወፍራምና መራራ ስለሆነ በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተትና በበረዶ ይጠጡታል። በእኛ አረቢካ ሚዛን አይመዝኑት፣ ለሙቀቱ የተሠራ መጠጥ ነው። ለጾም ወተት የሌለበትን “ካፌ ዴን” ይዘዙ።

ከዚያ አንድ ሳህን ፎ ያስመጡ። መረቁ ከሀኖይው ይልቅ ወደ ስኳር ጣዕም ያደላል፤ ከጎኑም የባቄላ ቡቃያ፣ በሶብላ የሚመስል ቅጠልና ሎሚ ይቀርባል። ምንም ሳይጨምሩ አንድ ማንኪያ ይቅመሱ፤ የሀኖይውን ጣዕም ያስታውሱ። ከዚያ በኋላ ቅጠሉን በእጅዎ ቆርጠው ይጨምሩበት።