ተመራጫችሁ ጎንደር ሲመጡ ምን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ?

አዘዞ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። የማሽላ መውቂያ እሠራለሁ። አንድ ጊዜ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላችን ለውይይት ሲመጡ ተነስቼ ስለ መብራት መጥፋት አማረርኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸውም ማስታወሻ ያዙ። ከዚያ ወዲያ ወሬውም የለም። ጥያቄዬ መያዣ መጨበጫ አልነበረውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር ያዙ። የእኔ ከቆጣሪው ጎን ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። መብራት የጠፋበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ የተበላሸውን ሥራ እጽፍበታለሁ። ብየዳ መሃል ላይ ሲቋረጥ መጋጠሚያው በግራይንደር ተፍቆ እንደ አዲስ ይበየዳል። ኤሌክትሮዱም ጉልበቱም ሁለቴ ይወጣል። ይህን የምናውቀው እኛ ነን። አዲስ አበባ ያለ ኮሚቴ ካልነገርነው ከየት ያመጣዋል?

ጉዳዩ የማን እንደሆነም ለዩ። የመሥሪያ ሼድ ጥያቄ ለከተማው ምክር ቤት ነው። ጉምሩክ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር እቅድ ግን የፌዴራል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅ፣ አሠራራቸውንም መመርመር ይችላል። ችሮታ እየለመናችሁ አይደለም።

ከዚያ አንድ ገጽ ጻፉ። «መብራት ይጠፋል» ብቻ አትበሉ። በሌላ ጊዜ ያዘጋጀሁት ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦ «በ2014 የተጀመረው የኢትዮጵያ ታምርት ንቅናቄ የአምራቾችን ማነቆ ለመፍታት ነው። ሚኒስቴሩ ለጎንደር አነስተኛ አምራቾች የኃይል ችግር በዘንድሮ እቅዱ ምን ያዘ? በስንት ብር? እስከ የትኛው ወር?» ከሥሩ የደብተሩን ቅጂ አያያዝኩ። ኢንዱስትሪን ለሚከታተለው የምክር ቤቱ ኮሚቴም ጻፉ፤ በስድስተኛው ምክር ቤት የኢንዱስትሪና ማዕድን ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይባላል።

ጊዜም አለው። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ መሃል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለ። በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ክረምት ላይ ብትጠይቁ ብሩ ተመድቦ አልቋል። ተመራጫችሁን እረፍቱ ላይ ያዟቸው።

ወረቀቱን ለአባላችን ስሰጣቸው «ጋሼ፣ ልያዘው?» አሉኝ።

«ይያዙት፤ ግልባጩ ላይ ግን ቀን ጽፈው ይፈርሙልኝ።»

ፈረሙ። ግልባጩ አሁን ከደብተሩ ጋር ሚስማሩ ላይ ነው። በሚቀጥለው ሲመጡ ይዤው እሄዳለሁ።